ክር፦ «ፍራጂሊቲ» በአማርኛ የቱ ነው? ከነብሪትልነስ፣ ፍሬይልቲና ፍሪያቢሊቲ

ቃል መዛኝ (አራት ኪሎ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ለቴክኒክ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሙያ ቃላት መፍቻ እያዘጋጀን ነው። «ፍራጂሊቲ» ላይ ስንደርስ «ተሰባሪነት» ብለን ጻፍንና ወደ ምሳሌዎቹ ስንገባ ተጣበቅን። በእጃችን ያሉት ጽሑፎች ስለ ሸክላ ዕቃ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ተኩስ አቁም፣ ስለ ሕንፃ «ፍራጂሊቲ ከርቭ» እና ስለ ቀይ የደም ሴል «ኦስሞቲክ ፍራጂሊቲ» ያወራሉ። ጎረቤቶቹ ብሪትልነስ፣ ፍሬይልቲና ፍሪያቢሊቲም አብረው ይመጣሉ። የየሙያው ሰው በእሱ ዘንድ ነገሩ ምን እንደሆነና በምን እንደሚለካ ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ከመዝገበ ቃላት ቀድታችሁ የምትለጥፉ ግን ይቅርብን፤ እሱ እኛም ጋ ሞልቷል።

አራሚው ከፒያሳ

ከሰዋስዉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ነው። «ፍራጂሊቲ» የማይቆጠር ስም ነው። «ኤ ፍራጂሊቲ» ብሎ መጀመር አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ የተለመደው «ዘ ፍራጂሊቲ ኦቭ…» ነው። ብዙ ቁጥሩ «ፍራጂሊቲስ» አለ፣ ግን የአንድ ሥርዓት ነጠላ ነጠላ ደካማ ቦታዎች ሲዘረዘሩ ብቻ ነው የሚመጣው። «ፍሬይልቲ» ግን በነፃነት ይቆጠራል፤ «ሂዩማን ፍሬይልቲስ» ሲባል የሰው ልጅ የጠባይ ድክመቶች ማለት ነው እንጂ የአጥንቱ ነገር አይደለም።

ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም «ፍራጊሊስ» ከሚለው የላቲን ቅጽል፣ እሱም «መስበር» ከሚለው ግሥ የመጡ ናቸው። «ፍሬይል» በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ሲገባ ተሸርሽሮ አጠረ፤ «ፍራጃይል» ዘግይቶ ስለገባ የላቲን መልኩን እንደያዘ ቀረ። «ብሪትል» የዚህ ቤተሰብ አይደለም፣ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው።

አነባበቡንም አስገቡበት። ቅጽሉ በብሪታንያ «ፍራጃይል»፣ በአሜሪካ «ፍራጅል» ነው። ስሙ ግን በሁለቱም ዘንድ ጫናው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚወድቅ «ፍረጂሊቲ» ወደሚለው ይጠጋል። «ፍራጃይሊቲ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከቅጽሉ ቀጥሎ የሠራው ነው።

የአምስት ኪሎ ብረት

በማቴሪያል ትምህርት «ፍራጂሊቲ» የሚባል የሚለካ ባሕርይ የለንም ማለት ይቻላል። የእኛ ቃል «ብሪትልነስ» ነው፤ ትርጉሙም ጠባብ ነው፦ ሳይለመጥ፣ ሳይሳብ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ድንገት መሰበር። ቀጭን መሆን፣ ደካማ መሆን፣ በቀላሉ መጎዳት እዚህ ውስጥ የሉም።

ፌሮ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ሲሳብ ወገቡ ይቀጥናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበጠሰው። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት) ግን ቀጭ ነው። ግራጫ ጊዛ ውስጥ ያለው ግራፋይት እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ የተበተነ ስለሆነ የቅጠሉ ሹል ጠርዝ ሁሉ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቀልጦ ሳለ ጥቂት ማግኒዚየም ሲጨመርበት ግራፋይቱ ክብ ክብ ይሆንና ያው ጊዛ መለመጥ ይጀምራል። ንጥረ ነገሩ ብዙም ሳይቀየር የግራፋይቱ ቅርጽ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

መስታወት ዘንድ ደግሞ ዋናው ጭረት ነው። ግሪፊዝ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ብርጭቆ ከአተሞቹ ትስስር አንጻር ሊሸከም ከሚገባው እጅግ ባነሰ ጫና የሚሰበረው ገጹ ላይ ባሉ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ምክንያት ነው። ጫናው ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ብረት ውስጥ ጫፉ ተለምጦ ይደነዝዛል፤ መስታወት ውስጥ መለመጥ ስለሌለ ስንጥቁ ዝም ብሎ ይሮጣል። ለስንጥቅ ያለው መቋቋም በቁጥር ሲቀመጥ ተራ የመስኮት መስታወት 0.7–0.8 ሜጋፓስካል ስኩዌር ሩት ሜትር አካባቢ ነው፤ የግንባታ ብረት ከ50 በላይ።

መስታወት ቆራጩም የሚሠራው በዚሁ ነው። መቁረጫው አይቆርጥም፣ አንድ ጭረት ብቻ ይተዋል፤ ከዚያ ጭረቱ ተከፍቶ እንዲሮጥ በሁለት እጅ ወደ ታች መጫን ነው። ጭረቱ ላይ ደግሞ መሄድ ክልክል ነው፦ ጠርዙ ይፈረካከስና ስንጥቁ መንገዱን ስቶ ይወጣል። ቶሎ መስበርም ያስፈልጋል፣ ጭረቱ ሲያድር በአየሩ እርጥበት ሹልነቱን ያጣል።

ጋራዥ ልጅ

ወንድሜ፣ «ጠንካራ» እና «ተሰባሪ» ተቃራኒ አይደሉም ወይ? ጊዛ እኮ ጠንካራ ነው። ፋይል እንኳ አይበላውም አንዳንዱን።

የአምስት ኪሎ ብረት

አይደሉም፤ መፍቻው ይህን መለየት አለበት። በአማርኛ «ጥንካሬ» ሦስት ነገር ጠቅልሎ ይይዛል፦ አለመጫር፣ ጭነት መሸከምና ተመትቶ አለመሰበር። ፋይል የማይበላው ጊዛ በመጀመሪያው ይበልጣል፣ በሦስተኛው ይወድቃል። የብሪትልነስ ተቃራኒ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ይህ ሦስተኛው የሚፈተነው ቻርፒ በሚባለው የምት ፈተና ነው። 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ መሐሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የ«ቪ» ቅርጽ ቁርጥ ይወጣለትና ከቁርጡ ጀርባ በሚወዛወዝ መዶሻ ይመታል። መዶሻው ሰብሮ ካለፈ በኋላ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሲታይ ዘንጉ ስንት ጁል እንደበላ ይታወቃል። የተሰበረውን ፊት ማየት አይቀርም፦ ጠፍጣፋና እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ከሆነ ብሪትል ነው፤ ደብዛዛና የተጎተተ ጠርዝ ካለው ተለምጦ ነው የተሰበረው። አንዱ ብረት በክፍል ሙቀት ተለምጦ፣ በብርድ ግን ቀጭ ብሎ ሊሰበር ስለሚችል ውጤቱ ከሙቀት መጠኑ ጋር ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።

መድኃኒት ቀማሚ

የእኛው «ፍሪያቢሊቲ» ነው፤ ከፍራጂሊቲ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። እንክብል ለሁለት መሰበሩ ብቻ ሳይሆን ጠርዙ እየተፈረካከሰ ዱቄት ማራገፉ ነው የሚለካው። «ተፈረካካሽነት» ብትሉት ማንም ፋርማሲስት ይገባዋል።

አሠራሩ በአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት ደረጃ መጽሐፍ) ምዕራፍ 1216 የተቀመጠ ነው፣ ላልተሸፈነ እንክብል። አንዱ እንክብል 650 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በድምሩ ወደ 6.5 ግራም የሚጠጋ ቁጥር ይወሰዳል፤ ከ650 በላይ ከሆነ 10 እንክብል። መጀመሪያ አቧራው በብሩሽ ይራገፋል፣ ይመዘናል፣ ከበሮው ውስጥ ይገባል። ከበሮው በደቂቃ 25 ጊዜ ይዞራል፣ በጠቅላላ 100 ዙር፣ ማለትም 4 ደቂቃ። በየዙሩ እንክብሎቹ በቅስቱ ክንፍ ይነሱና ይወድቃሉ። እንደገና አቧራው ይራገፋል፣ ይመዘናል። 6.520 ግራም የገባው 6.481 ሆኖ ከወጣ የጎደለው 0.039 ነው፤ ሲካፈል 0.6% ገደማ፣ አልፏል። ለአብዛኛው እንክብል ጣሪያው 1.0% ነው። ነገር ግን አንድ እንክብል እንኳ ቢሰነጠቅ ወይም ቢሰበር መቶኛው ምንም ያህል ቢያምር ወድቋል።

ስሕተት የሚገባው አቧራ ማራገፉ ላይ ነው። ከመግባቱ በፊት ያልተራገፈ ዱቄት ከበሮው ውስጥ ሲረግፍ ኪሳራ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከወጣ በኋላ ካልተራገፈ ደግሞ የጎደለው ይደበቃል።

መንስኤው ማያያዣው ማነሱ፣ ጥራጥሬው (ለመታተም የተዘጋጀው የመድኃኒት ቅንጣት) ከሚገባው በላይ መድረቁ ወይም የማተሚያው ጫና ማነሱ ሊሆን ይችላል። ጫና ሲጨመር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ሲበዛ የታፈነው አየር የእንክብሉን ቆብ (የላይኛውን ንብርብር) አንሥቶ ይጥለዋል። በመስበሪያ መሣሪያ ሲለካ ጠንካራ የሆነ እንክብል ከበሮ ውስጥ ቆቡ ሲበር የሚታየው ለዚህ ነው።

ቃል መዛኝ

እግዜር ይስጥልኝ፣ «ተፈረካካሽነት» ገብቷል። የሕክምናዎቹን የሚያውቅ አለ?

ነጭ ጋወን

አራቱን አንድ በአንድ ልለያቸው፤ አንድ አማርኛ ከሰጣችኋቸው ሰው ይሳሳታል።

«ፍራጂሊቲ ፍራክቸር» የስብራት ዓይነት ነው፦ ጤነኛ አጥንት በማይሰበርበት ቀላል ኃይል፣ በተለመደው አገላለጽ ከቆሙበት ከፍታ ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ቦታ በመውደቅ የመጣ ስብራት። የሚበዛው ዳሌ፣ የጀርባ አጥንትና የእጅ አንጓ ላይ ነው። ለታካሚ «አጥንትዎ ሳስቷል» እንላለን፤ «የአጥንት መሳሳት» ለኦስቲዮፖሮሲስ የጸደቀ አማርኛ ነውና አትንኩት። በዲኤክስኤ ምርመራ (የአጥንት ጥግግት በሚለካ ራጅ) ቲ-ስኮሩ፣ ማለትም ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር የሚያወዳድረው ቁጥር፣ −2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው የሚባለው። ልብ በሉ፣ ቲ-ስኮሩ −2.5 ያልደረሰ ሰውም በቀላል ውድቀት ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ መሳሳት መለኪያው፣ ስብራቱ ውጤቱ ናቸው። ለስብራቱ «በቀላል ውድቀት የሚመጣ ስብራት» ብላችሁ ዘርዝሩት።

«ፍሬይልቲ» የአረጋውያን ሕክምና ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው በፍሪድ መመዘኛ አምስት ነገሮች ይታያሉ፦ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ (በዓመት ከ4.5 ኪሎ በላይ)፣ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ ኃይል መድከም፣ የእርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለበት ፍሬይል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ያለበት በመንገድ ላይ ነው ይባላል። «አቅመ ደካማነት» ይቀርባል፤ ችግሩ በአማርኛ «አቅመ ደካማ» ጧሪ የሌለውን ችግረኛም ይጨምራል። «የዕድሜ መዛል» ብትሉት እመርጣለሁ።

«ኦስሞቲክ ፍራጂሊቲ» ውስጥ መሰበር የሚባል ነገር የለም፤ መፈንዳት ነው። ቀይ ሴል በ0.9% የጨው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ጨዉ እየቀነሰ በሚሄድ ተከታታይ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ውሃ ስቦ ያብጥና ይፈነዳል። ጤነኛ ደም 0.45–0.50% አካባቢ መፈንዳት ይጀምርና 0.30% ገደማ ላይ ይጨርሳል። በዘር የሚወረስ ስፌሮሳይቶሲስ (የቀይ ሴል ቅርጽ ሕመም) ያለበት ሴል ድቡልቡል ስለሆነ ለማበጥ ትርፍ ቆዳ የለውም፣ ቀድሞ ይፈነዳል። በታላሲሚያ (ሌላ በዘር የሚወረስ የደም ሕመም) ተገላቢጦሹ ነው። ፈሳሹ ፒኤች 7.4 ላይ ካልተያዘ ወይም ደሙ ካረጀ ውጤቱ ይዛባል።

«ፍራጃይል ኤክስ»ን እባካችሁ አትተርጉሙ። ስሙ የመጣው ክሮሞዞሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ ሊበጠስ የደረሰ ስለሚመስል ነው፤ ሕመሙ የዘረ መል ድግግሞሽ ነው፣ ሲጂጂ የሚባለው ቅደም ተከተል ከ200 ጊዜ በላይ ሲደጋገም። ወላጅ «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱ ሲገባ ልጁ አጥንቱ የሚሰበር ነው ብሎ ይጨነቃል።

አራሚው ከፒያሳ

ዶክተር፣ «ብሪትል ቦን ዲዚዝ» የሚባለውስ?

ነጭ ጋወን

እሱ በእርግጥ አጥንት የሚሰበርበት ነው፤ ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይነት-1 ኮላጅን ጉድለት የሚመጣ። እዚያ «ተሰባሪ አጥንት» በትክክል ይሠራል።

ስታፋ

ለ«ፍራጂሊቲ ከርቭ» ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ቃሉ በየስብሰባው እየመጣ ነው፤ የሚያደናግሩትም በዝተዋል።

አግድም መስመሩ የመሬቱ ንቅናቄ መጠን ነው፣ ለምሳሌ ከፍተኛው የመሬት ፍጥንጥነት በ«ጂ» (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ስንት እጅ እንደሆነ)። ቋሚው ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ዕድል ነው፦ ሕንፃው አንድ የተወሰነ የጉዳት ደረጃ ላይ የመድረስ ወይም የማለፍ ዕድል። ለአንድ የሕንፃ ዓይነት አንድ ኩርባ ሳይሆን ለየጉዳት ደረጃው አንዳንድ ኩርባ ይሳላል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ መፍረስ። ብዙ ጊዜ በሁለት ቁጥር ይገለጻል፣ በመካከለኛ ዋጋና በስርጭት። ለ«ከባድ ጉዳት» መካከለኛው 0.3 ጂ ከሆነ በ0.3 ጂ ሲመታ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሕንፃዎች ግማሹ ያን ደረጃ ይደርሳሉ ማለት ነው። ስርጭቱ ሲሰፋ ኩርባው ይጋደማል፣ ማለትም ሕንፃዎቹ በጥራት አይመሳሰሉም ወይም መረጃው ቀጭን ነው።

«ቨልነረቢሊቲ ከርቭ» ሌላ ነው፤ እሱ የሚሰጠው ኪሳራን ነው፣ የጥገና ወጪው ከሕንፃው ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ። «ተጋላጭነት»ን ለዚያ አስቀምጡና ይህኛውን «የጉዳት ዕድል ኩርባ» በሉት።

ስለ ብሪትልነስ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንክሪት በመሳብ ብሪትል ነው፤ ዓምዱን እንዲለመጥ የሚያደርገው ፌሮው፣ በተለይም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ስታፋው ነው። ስታፋ ተራርቆ ሲታሰር፣ ጫፉም በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ሳይቆለመም በ90 ሲቀር፣ ሽፋኑ ኮንክሪት በተራገፈ ጊዜ ስታፋው ይከፈታል፣ ዋናው ፌሮ ይጎብጣል፣ ዓምዱ ድንገት ይሄዳል።

ዜና ክፍል

የፖለቲካው አጭር ነው። ለሰላምና ለተኩስ አቁም አማርኛው አብሮን የኖረ ነው፦ «በቋፍ ላይ ያለ»። «ተሰባሪ ሰላም» የትርጉም ሽታ አለው። «ፍራጃይል ስቴትስ» ለሚባለው ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አገሮችን በየዓመቱ የሚያወዳድረው መለኪያ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. «የከሸፉ መንግሥታት» ይባል የነበረው ነው፣ ስሙ የተለወጠው ቃሉ ፍርድ ስለሚመስል ነው። 12 አመልካቾች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ10፣ ድምሩ ከ120፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይብሳል። የልማት ሰነድ ውስጥ «ያልጸኑ አገሮች» ብዬ እጽፋለሁ። ሰውን ስትገልጹ «ኢሞሽናሊ ፍራጃይል» ቢመጣ «ሆደ ባሻ» አለላችሁ፤ ለልብ ወለድ እንጂ ለሕክምና ሰነድ ግን አይሆንም።

ኮድ ጠጋኝ

በእኛ ሙያ ፍራጃይል ኮድ ማለት አንዱን ስትነካ ያልነካኸው ሌላ ቦታ የሚበላሽ ነው። ብሪትል ቴስት ደግሞ ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ ሳለ የአዝራሩ ቦታ ስለተቀየረ ብቻ የሚወድቅ ፈተና ነው። የሚለዩት በዚህ ነው። አማርኛውን ለእናንተ ትቻለሁ፣ እኛ ቢሮ ማንም ተርጉሞት አያውቅም።

ካርቶን አሳሪ

እንግዲህ «ፍራጂሊቲ» በቁጥር የሚለካበት ሙያ የእኛ ነው፤ የአምስት ኪሎው ወንድሜ ከማቴሪያል ውጭ ቢያይ ያገኘዋል። በማሸጊያ ምህንድስና የአንድ ዕቃ ፍራጂሊቲ ሳይጎዳ የሚችለው የድንገተኛ መቆም መጠን ነው፣ በ«ጂ» ይጻፋል። ከ25 እስከ 40 ጂ የሚችል እጅግ ስስ ይባላል፣ ከ115 በላይ የሚችል ጠንካራ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዕቃው ከ75 ሳንቲሜትር ወድቆ ፎሙ በ3 ሳንቲሜትር ውስጥ ካቆመው አማካዩ 75 ለ3፣ ማለትም 25 ጂ ነው። ፎም እንደ ስፕሪንግ ስለሚሠራ ጣሪያው በግምት እጥፉ ነው፣ 50 ጂ። የ40 ጂ ዕቃ እዚያ ውስጥ ይሰበራል። መፍትሔው ፎሙን ማጠንከር አይደለም፣ ማወፈር ነው። በጣም ሲለሰልስም ዕቃው እስከ ካርቶኑ ወለል ይሰምጥና መከለያ እንደሌለው ይመታል።

ለጀበናና ለሲኒ ስብስብ የሚሠራው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሲኒ ለብቻው ተጠቅልሎ አፉን ወደ ታች፣ ሳሕኑ ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ። የጀበናው አንገትና ጆሮ መጀመሪያ ስለሚሄዱ የጆሮው ቀዳዳ በወረቀት ይሞላል፣ አንገቱ ዙሪያውን ይታሰራል። ከካርቶኑ ግድግዳ በየአቅጣጫው 5 ሳንቲሜትር መከለያ። ተዘግቶ ሲነቀነቅ የሚሰማ ነገር ካለ ይከፈታል፤ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ራሱን ይሰብራል።

ቃል መዛኝ

ምልክቱስ? ካርቶኑ ላይ ምን ይጻፍ? የመፍቻው ሥዕል ክፍል ውስጥ ማስገባት እንፈልጋለን።

ካርቶን አሳሪ

የአይኤስኦ 780 (ዓለም አቀፉ የማሸጊያ ምልክቶች ደረጃ) ምልክት የወይን ብርጭቆ ነው፣ ጥቁር፣ ቁመቱ 100፣ 150 ወይም 200 ሚሊሜትር። በአራቱም ቋሚ ጎኖች ላይ፣ ግራ ላይኛው ጥግ አጠገብ። «ይህ ወደ ላይ» የሚሉት ሁለት ቀስቶችም ካሉ እነሱ ወደ ጥጉ ይቀርባሉ። ክዳኑ ላይ ብቻ የሚለጥፉ አሉ፤ ሌላ ካርቶን ሲደረብበት ምልክቱ ተሸፈነ ማለት ነው። ጃንጥላው የዝናብ ነው፣ ከብርጭቆው ጋር እንዳታምታቱት። ጽሑፉን «ተሰባሪ ዕቃ» በሉት፣ «ፍራጃይል»ን በፊደላችን መጻፍ ለተሸካሚው ምንም አይነግረውም።

አራሚው ከፒያሳ

«ተሰባሪ ዕቃ» ብቻ ከሆነ መግለጫ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። «ተሰባሪ ዕቃ፤ አይወርወር፣ አይደረብበት» ይሁን። የሚያነሣው ሰው የሚያስፈልገው ግሡ ነው።

ካርቶን አሳሪ

ይሁን፣ ግን «አይደረብበት»ን ሁሉም ካርቶን ላይ አታትሙ። ለመደረብ ተብሎ የተሠራ ካርቶንም አለ፤ የስንት ንብርብር እንደሚችል ቁጥሩ ያለበት ሌላ ምልክት አለው። ሁሉም ላይ ካተማችሁት ጫኞቹ ማንበቡን ይተዉታል።

ቃል መዛኝ

ተቀበልኩ። ስለዚህ በመፍቻው «ፍራጂሊቲ» ሥር ስድስት ንዑስ ትርጉም እንከፍታለን፣ ብሪትልነስና ፍሪያቢሊቲ ለብቻቸው ይወጣሉ፣ ፍራጃይል ኤክስ በፊደላችን እንዳለ ይቀመጣል። አንድ የቀረን «ኤምብሪትልመንት» ነው።

የአምስት ኪሎ ብረት

ሂደቱ ነው፤ ይለመጥ የነበረ ነገር ተሰባሪ እየሆነ መሄዱ። ፀሐይ ላይ የከረመ ጄሪካን ጆሮው ሲነካ ብትን የሚለው አልትራቫዮሌቱ ረጃጅሞቹን የፕላስቲክ ሰንሰለቶች ስለቆራረጠ ነው። ብረት ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ሲሰርግ ይመጣል፣ ለምሳሌ በእርጥብ ኤሌክትሮድ ሲበየድ፤ ስንጥቁ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል ወዲያው አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም። «ተሰባሪ መሆን» ብላችሁ በግሥ ጻፉት፣ ሌላ «-ነት» አትጨምሩበት።